ለአዲስ ዳኛ፦ አሳይነርን አንድ ሲዝን ተጠቀምኩት

ሜሪላንድ ውስጥ የልጆች እግር ኳስ መዳኘት ከጀመርኩ አንድ ሲዝን ሆነኝ። ሊጋችን ጨዋታ የሚመድበን አሳይነር (Assignr) በሚባል የዳኞች መመደቢያ ድረ ገጽ ነው፤ እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። የማይመቸኝን ቀን ካላንደሩ ላይ እዘጋለሁ፣ ምደባው በኢሜይል ይመጣል፣ እቀበላለሁ ወይም እመልሳለሁ፣ አለቀ። እሁድ ቅዳሴ ስላለኝ እስከ እኩለ ቀን ሁሌም ዝግ ነው፤ ማንንም ደውዬ ማስረዳት የለብኝም።

አንዴ ግን ጥፋቱ የራሴ ነበር። ከ10 ዓመት በታች ጨዋታ ሁለት 25 ደቂቃ ነው ብዬ ተከታታይ ጨዋታ በሁለት ሜዳ ተቀበልኩ፣ መንገዱን ሳልቆጥር። ስደርስ ልጆቹ ተሰልፈው ይጠብቁኛል፣ አንዷ ኳሱን አቅፋ። እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን በመሀል ሙሉ አንድ ሰዓት እዘጋለሁ። ካልተመቻችሁ ደግሞ ቶሎ መልሱት፤ መዳቢው አርብ ማታ ሌላ ዳኛ ከየት ያመጣል?