ክራሬን የሚከተል ላፕቶፕ፦ ከሉፐር ጋር 9 ወር

ጅማ ውስጥ ክራር እጫወታለሁ። ሠርግ ካለ ሠርግ፣ ከሌለ ምግብ ቤት እንሠራለን። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ዘፋኛችንና ከበሮ የሚመቱት ጋሼ። ቤዝ የለንም። አራተኛ ሰው እንዳንጨምር ክፍያው አይበቃም። ስለዚህ የዛሬ 9 ወር ኤብልተን ላይቭ የሚባለውን የሙዚቃ ሶፍትዌር (ከዚህ በኋላ ላይቭ) ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። የፈለግኩት በውስጡ ያለውን ሉፐርን፣ የተጫወትኩትን ቀርጾ ደጋግሞ የሚያዞረውን መሣሪያ፣ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ልምምድ ላይ፣ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በድምፅ ማጉያ ለቅቄ ስጀምር ጋሼ ከበሮውን አቆሙ። «ልጄ፣ ይሄ ማሽን እኛን ይከተላል ወይስ እኛ እሱን ልንከተል ነው?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የእኛ ዘፈን ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዘፋኙ ትንፋሽና ከተጨፋሪው ትከሻ ነው። ቀድሞ በተጻፈ ቁጥር ሲጀመር ይደርቃል።

ሉፐርን የወደድኩት ለዚህ ነው። የቴምፖ (የፍጥነት) ምርጫውን «ሴት ኤንድ ፎሎው» ላይ፣ የቀረጻ ርዝመቱን ደግሞ «ኤክስ» (ቀድሞ ያልተወሰነ) ላይ ታደርጋላችሁ። ሁሉም ነገር በቆመበት ፔዳሉን ረግጣችሁ ትጫወታላችሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስትረግጡ ሉፐር የቀረጻችሁትን ርዝመት ለክቶ የሶፍትዌሩን ቴምፖ በዚያው ይወስናል። «ስታርት ሶንግ»ን ከመረጣችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ላፕቶፑ ላይ ያዘጋጃችሁት ቤዝ በዚያችው ቅጽበት ይነሳል። ክራሩ ቀድሞ ማሽኑ ከኋላ ሲገባ መስማት፣ እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ግን ሁሉም ነገር ፔዳሉን ሁለተኛ ጊዜ በምትረግጡባት ቅጽበት ላይ ተንጠልጥሏል። ለሁለት ወር ያህል የምረግጠው የመጨረሻው ምት እንዳለቀ መስሎኝ ነበር። ስህተት ነው። የሚረገጠው የሚቀጥለው ሜዠር (የምቶች ዙር) «አንድ» ላይ፣ ማለትም የመጀመሪያው ምት ላይ ነው፣ እጅ ክራሩን ሲመታ እግርም አብሮ። ለምን እንደሚያሳስበኝ በቁጥር ላሳያችሁ። በደቂቃ 100 ምት የሚሄድ፣ አራት አራት ምት ያለው ሁለት ሜዠር 4.8 ሰከንድ ይፈጃል። በ0.1 ሰከንድ ከዘገያችሁ ቴምፖው ወደ 98 ይወርዳል። አራት ሜዠር ብትቀርጹ ግን ያው መዘግየት ወደ 99 ብቻ ነው የሚያወርደው። ከዚያ ወዲህ ከአራት ሜዠር በታች ቀርጬ አላውቅም። ከዚያ በፊት አንድ ሠርግ ላይ በሁለት ሜዠር ጀምሬ ዘግይቼ ረግጬ ነበር። ዘፋኛችን ሙሉ ዘፈኑን ጭቃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ሲጎተት ዋለ።

ሌላው ችክችካ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። ችክችካ 6/8 ነው፤ በአንድ ሜዠር ስድስት ትንንሽ ምት አለው፣ እግር ግን ሁለት ትልልቅ ምት ይቆጥራል። ላይቭ ሲከፈት ግን 4/4 (በሜዠር አራት ሩብ ኖታ) ላይ ነው ያለው። አራት ሜዠር ችክችካ ቀርጼ 4.8 ሰከንድ ሆነ እንበል። እግሬ የሚቆጥረው ስምንት ትልልቅ ምት ነው፤ በደቂቃ 100 ማለት ነው። ላይቭ ግን የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው። በ6/8 አንድ ሜዠር ሦስት ሩብ ኖታ ስላለው፣ ትክክለኛው ቁጥር 150 ይሆናል። ሜትሩን (ይህን የ4/4 ወይም የ6/8 ምርጫ) ሳላስተካክል ስቀርጽ አንዳንዴ 100፣ አንዳንዴ 200 ይሰጠኝ ነበር። 100 ሲሆን ምቱ ከእግሬ ጋር ይገጥማል፤ በ6/8 ያዘጋጀሁት ቤዝ ግን ተጎትቶ ይቀራል። አሁን ለችክችካ ብቻ የተለየ ፋይል አለኝ፤ ሜትሩ ቀድሞ 6/8 የተደረገ። ግምቱ በእጥፍ ሲሳሳት ሉፐር ላይ ያሉት ማባዣና ማካፈያ ቁልፎች ያድናሉ፣ ግን መድረክ ላይ ሆኖ ማውስ መፈለግ ያስጨንቃል።

ዘፈኑ ሲሞቅ ፍጥነት መጨመር ልማዳችን ነው። እዚህ ላይ ሉፐር እንደ ድሮ ካሴት ነው፤ ሲፈጥን ድምፁም ይቀጥናል። ከ100 ወደ 106 ከወጣችሁ ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል። በትዝታ የተቃኘ ክራር ይዛችሁ ከገዛ ራሳችሁ ሉፕ ጋር ትጣላላችሁ። መፍትሔው ቀረጻውን «ድራግ ሚ» ከሚለው ቦታ ጎትቶ ትራክ ላይ መጣል ነው። እዚያ ዋርፕ የሚባል የቀረጻን ፍጥነት የሚያስተካክል ነገር አለ፤ ዓይነቱ «ሪ-ፒች» ላይ ከሆነ ወደ ሌላ (ለምሳሌ «ኮምፕሌክስ») ከቀየራችሁት ቴምፖው ሲቀየር ቅኝቱ አይነካም። የማፈጥነው ዘፈን ከሆነ ገና ሲጀመር እጎትተዋለሁ።

ከላይቭ 11 ጀምሮ የመጣውን ቴምፖ ፎሎወርንም ሞክሬዋለሁ። የጋሼን ጥያቄ በትክክል የሚመልስ እሱ ነበር፤ ማይክ ውስጥ የሚገባውን ምት እየሰማ ቴምፖውን ያለማቋረጥ ያስከትላል። ከበሮው ብቻውን ሲሆን ጎበዝ ነው። ልምምዳችን ግን ጅሬን መሄጃ ላይ ባለ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ነው። የጅማ ክረምት ሲወርድ ማይኩ ከበሮውንም ዝናቡንም ይሰማል፣ ቁጥሩም ይዋዥቃል። ክራሬ በፒክአፕ (ክራሩ ላይ ባለ ድምፅ መቀበያ) በቀጥታ ስለሚገባ ሉፐርን ዝናቡ አይነካውም። ስለዚህ ወደ ሉፐር ተመለስኩ።

መብራት ሲጠፋስ? ኢንተርፌሴ (ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባውና የሚያስወጣው መሣሪያ) ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ነው። ድምፅ ማጉያው ይሞታል፣ ሉፑ ይዞራል። ጄኔሬተር እስኪነሳ ጋሼ ከበሮውን ይይዛሉ፤ እኔ በጆሮ ማዳመጫ ሉፑን እየሰማሁ በአንገቴ ምቱን አሳያቸዋለሁ።

ፔዳሌ ርካሽ የዩኤስቢ ነው፤ አንድ ፊደል ብቻ ይልካል። ኮንትሮልና ኬ ተጭናችሁ ከሉፐር ትልቁ ቁልፍ ጋር ታገናኙታላችሁ። ከላይቭ ፊት ሌላ መስኮት ከተከፈተ ግን ፊደሉ ወደዚያ ይሄዳል፣ እናንተም ባዶ ትረግጣላችሁ። ከመድረክ በፊት ዋይፋይ አጥፉ፣ ማሳወቂያዎችን ዝጉ።

ሰሞኑን ጋሼ ራሳቸው ፔዳሉን ወደ እግራቸው ሳብ አድርገው ረገጡት። ቁጥሩ 103 አካባቢ መጣ። ከእኔ ይልቅ «አንድ»ን ያገኙት እሳቸው ነበሩ። ፔዳሉ አሁን እሳቸው ጋ ነው።