የኮሞ እና የኢሪ ሐይቅ ዳር የኤሌክትሪክ ባቡሮች፦ ለገጠሩ ሰው የቀረበው የቱ ነው?

ሁለቱም በኤሌክትሪክ መሥራት የጀመሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። የቫልቴሊና መስመር በሰሜን ጣሊያን የኮሞ ሐይቅን ዳርቻ ይዞ ከሌኮ ወደ ኮሊኮ፣ ከዚያም ወደ ሶንድሪዮና ኪያቬና ይሄዳል። ሌክ ሾር ኤሌክትሪክ ደግሞ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በኢሪ ሐይቅ በኩል ክሊቭላንድንና ቶሊዶን ያገናኝ ነበር።

በምሕንድስና ቫልቴሊናን የሚያህል አልነበረም። በእንፋሎት ይሠራ የነበረው ይህ መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር፣ የሃንጋሪው መሐንዲስ ካልማን ካንዶ 3000 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ኃይል (በሦስት መስመሮች የሚተላለፍ ተለዋዋጭ ጅረት) ዘረጋበት። ኃይሉ የሚመነጨው ሞርቤኞ አጠገብ ከአዳ ወንዝ ነበር። ከባቡሩ በላይ ሁለት ሽቦዎች ይሄዱ ነበር፤ ሦስተኛው ፌዝ ራሱ ሐዲዱ ነበር። ሐዲድ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ሁለቱ ሽቦዎች እንዳይነካኩ መለየት ነበረባቸው፤ አድካሚ ሥራ ነበር። ፍጥነቱም እንደልብ አይለዋወጥም ነበር። በአንጻሩ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ኃይል ወደ ሽቦው ይመልስ ነበር፤ ይህ በዚያ ዘመን መታሰቡ እስካሁን ያስደንቀኛል።

እ.ኤ.አ. በ1901 የተመሠረተው ሌክ ሾር በቀላሉ፣ አቅጣጫው በማይለዋወጥ ቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ፣ በከተሞች መንገድ ላይ ሳይቀር የሚያልፍ ነበር። ገበሬው ዋና ጣቢያ ድረስ ሳይደክም በሰፈሩ አቅራቢያ ይሳፈር ነበር። ስለዚህ ለገጠሩ ሰው ቅርበት ከሆነ መለኪያው፣ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ግን አውቶሞቢል ገበያውን ነጠቀውና በ1938 ተዘጋ። የቫልቴሊና ባቡር ግን ባለ ሦስት ፌዙን ትቶ ዛሬም ይሠራል።