ፔዳ አካባቢ የሚሰጠው የቅዳሜ የሲ (C) ፕሮግራሚንግ ስልጠና፦ መልመጃው ግሩም፣ ወረቀቱ መታረም ያለበት

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ የሚሰጠው ይህ ስልጠና ፎርክን (fork፣ አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ «ልጅ» የሚባል ቅጂውን የሚፈጥርበት ጥሪ) እና ሲግናልን (ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር መልእክት) በሊኑክስ ላይ እያሠራ ያስተምራል። መልመጃው በደንብ ታስቦበታል። ልጁ ፕሮሰስ ወደ ጎርጎራ የሚሄድ ጀልባ ይመስል «ዘጌ»፣ «ደቅ» እያለ በየሰከንዱ ያትማል፤ ወላጁ ሐይቁ መሃል ያስቆመዋል፣ መልሶም በሲግኮንት (SIGCONT) ሲግናል ያስቀጥለዋል።

የሁለቱ ማቆሚያ ሲግናሎች ልዩነት ጥርት ብሎ ተብራርቷል። ኮንትሮል ዜድ (Ctrl-Z) የሚልከው ሲግቲኤስቲፒን (SIGTSTP) ነው፤ ፕሮግራሙ ሊይዘው ወይም ችላ ሊለው ይችላል። ሲግስቶፕን (SIGSTOP) ግን መያዝም፣ ማገድም፣ ችላ ማለትም አይቻልም።

የመልመጃው ወረቀት የሚሳሳተው ዌይትፒአይዲ (waitpid፣ ወላጁ የልጁን ሁኔታ ለውጥ የሚጠብቅበት ጥሪ) ላይ ነው፤ የመጨረሻውን አማራጭ 0 አድርጎታል። የቆመ ልጅ አልሞተምና ወላጁ ምንም ሳይሰማ እንደጠበቀ ይቀራል፤ ተማሪው ደግሞ ኮምፒውተሩ የደረቀ ይመስለዋል። 0 ወጥቶ ደብሊውአንትሬስድ (WUNTRACED፣ ልጁ ሲቆምም ለወላጁ እንዲነገር የሚያደርግ አማራጭ) ይግባ። ያኔ ደብሊውኢፍስቶፕድ (WIFSTOPPED) ልጁ መቆሙን፣ ደብሊውስቶፕሲግ (WSTOPSIG) በየትኛው ሲግናል እንደቆመ ይነግራሉ። መቀጠሉንም ለማወቅ ደብሊውኮንቲኒውድ (WCONTINUED) ይታከል፤ ከሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) 2.6.10 ወዲህ አለ።

ፕሮሰስ ግሩፕ (ሲግናል በጋራ ሊላክላቸው የሚችል ፕሮሰሶች ስብስብ) በችኮላ መታለፉ ያሳዝናል፤ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚያ ነውና። ኮንትሮል ዜድ ተርሚናሉን (የትእዛዝ መስኮቱን) ለያዘው ግሩፕ በሙሉ ይደርሳል። ወላጅና ልጅ አንድ ግሩፕ ውስጥ ከሆኑ አብረው ይቆማሉ፤ ልጁን የሚቀሰቅስ አይኖርም። ስለዚህ ከፎርክ በኋላ ልጁን በራሱ ግሩፕ የሚያስገባው ሴትፒጂአይዲ (setpgid) ይጠራ፣ ያውም በሁለቱም በኩል፤ ማን ቀድሞ እንደሚሮጥ አይታወቅም። ቀጥሎ ተርሚናሉ በቲሲሴትፒጂአርፒ (tcsetpgrp) ለልጁ ግሩፕ ይሰጣል። ወላጁ መልሶ ሊረከብ ሲል ሲግቲቲኦዩ (SIGTTOU፣ ተርሚናሉን ያልያዘ ግሩፕ ሊቆጣጠረው ሲሞክር የሚደርሰው ሲግናል) ራሱን ያቆመዋል፤ አስቀድሞ ችላ ሊለው ይገባል። ልጁ በበኩሉ ኤግዜክ (exec፣ ፕሮሰሱን በሌላ ፕሮግራም የሚተካ ጥሪ) ከመጥራቱ በፊት ሲግናሉን ወደ ነባሪው (default) ምላሽ ይመልስ፤ ችላ የተባለ ሲግናል ኤግዜክን ተሻግሮ እንዲያው ይቆያል።

ስለ ሲግቻይልድ (SIGCHLD፣ ልጅ ሲቆም ወይም ሲሞት ለወላጁ የሚደርስ ሲግናል) የተሰጠው ትምህርት ግን ምስጋና ይገባዋል። ሁለት ልጆች ተከታትለው ቢቆሙ አንድ ሲግቻይልድ ብቻ ሊደርስ ስለሚችል፣ ዌይትፒአይዲ በደብሊውኖሃንግ (WNOHANG፣ ሳይጠብቅ እንዲመለስ የሚያደርግ አማራጭ) በሉፕ፣ ማለትም በድግግሞሽ፣ እንዲጠራ ያሠራሉ። ሲግናል ተቀባዩ ፈንክሽን ውስጥ ፕሪንትኤፍ (printf) የጻፈ ተማሪ ወዲያው ይታረማል፤ እዚያ አስተማማኝ አይደለምና በምትኩ ራይት (write) ይጠቀማል።

ፖይንተር (የሲ የማህደረ ትውስታ አድራሻ አያያዝ) የለመደ ሰው ቢሄድ ይጠቀማል። ጀማሪ ግን መጀመሪያ መሠረታዊ ሲን ይጨርስ፤ እዚህ ለዚያ የሚቆም የለም።