ድሬ ላይ ኦቨርክሎክ የሚደረግ ፕሮሰሰር ልግዛ ወይስ የተቆለፈውን?

ለጌም ወይም ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ዴስክቶፕ የሚያስገጣጥም የድሬ ልጅ ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ይቆማል። ስሙ መጨረሻ ላይ «ኬ» ያለበትን ኢንቴል ልግዛ፣ የኤኤምዲ ራይዘን ይሻለኛል፣ ወይስ የተቆለፈውን (ኦቨርክሎክ የማይደረገውን) ወስጄ ልረፍ? ሦስቱን እናያቸዋለን፦ ኮር አይ5-12600ኬ፣ ራይዘን 5 5600 እና ኮር አይ5-12400።

መጀመሪያ ግን ሙቀቱ። ኦቨርክሎክ ማለት ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ቅንብር) ገብተህ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። ፍጥነት ስትጨምር ብዙ ጊዜ ቮልቴጅም መጨመር ግድ ይላል፣ ጣጣው ያለው እሱ ላይ ነው። ቮልቴጁን በ10 በመቶ ብቻ ከፍ ብታደርገው፣ ፍጥነቱ ባይነካ እንኳ የሚበላው ኃይል ወደ 20 በመቶ ይጨምራል፣ ያ ሁሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ተራ ኩለር (ማቀዝቀዣ)፣ የአየርም ይሁን የውሃ፣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም። ስለዚህ ሐረር 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 75 ላይ የሚረጋ ማሽን፣ ግንቦት ላይ ድሬ 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ያንኑ ሥራ ሲሠራ 88 አካባቢ ይደርሳል። የራይዘን 5600 ጣሪያ 90 ነው፣ የሁለቱ ኢንቴሎች 100። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቦ፣ ከፍለህ የጨመርከውን ፍጥነት የድሬ ፀሐይ ወሰደችው ማለት ነው።

12600ኬ ጉልበተኛ ነው፣ አይካድም። 10 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የውስጥ ክፍሎች) አለው፣ ግን ሳትነካውም እስከ 150 ዋት ይወስዳል። ኩለር ካርቶኑ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ትገዛለህ። ኦቨርክሎክ ለማድረግ ደግሞ ዜድ690 ወይም ዜድ790 ማዘርቦርድ ያስፈልጋል፣ እነሱ ውድ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ የምታወጣ ከሆነ ግዛው፣ ለኮሮቹ ብለህ እንጂ ለኦቨርክሎክ ብለህ አይደለም። ያኔ ደህና ቢ660 ቦርድ ይበቃሃል።

ራይዘን 5600 6 ኮር ነው፣ ያልተቆለፈ ነው፣ ኩለሩም አብሮት ይመጣል። ማዘርቦርዱ ቢ550 ይሁን፣ ኤ520 ኦቨርክሎክ አያስደርግም። የምወድለት ሌላ ነገር ነው፦ ባዮስ ውስጥ ከርቭ ኦፕቲማይዘር በሚባለው ቮልቴጁን ትንሽ ትቀንስለታለህ፣ ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ በዚያው ፍጥነቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይዞ ይቆያል። ለድሬ ሰው ከኦቨርክሎክ ይልቅ ይሄ ነው የሚያዋጣው። አንድ ጉድለት አለው፣ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ግራፊክስ ካርድ ካልገዛህ ስክሪንህ ጥቁር ነው።

12400ስ? የተቆለፈ ነው፣ 6 ኮር፣ ኩለሩ ካርቶኑ ውስጥ። ለቢሮ ሥራ፣ ለትምህርት፣ ለቀለል ያለ ጌም ገጥመህ ትረሳዋለህ። የራሱ ግራፊክስ አለው፣ ግን መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ካለ የለውም፣ እያየህ።

ዋጋ አልጽፍም፣ የድሬው ታይዋን ገበያ ጠዋት የሰማኸው ዋጋ ከሰዓት ሌላ ነው።

ለጌም ከሆነ የእኔ ምርጫ 5600 ከቢ550 ጋር ነው፣ የተረፈውን ብር ግራፊክስ ካርዱ ላይ ጨምር። ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን ባትሪ) አትርሳ፣ መብራቱን ታውቀዋለህ። የድሬ አቧራም የኩለሩን ክንፎች ቶሎ ይደፍናል፣ በየጊዜው ከፍተህ አራግፈው። «ኦቨርክሎክ አድርጌ ልሽጥልህ» የሚል ነጋዴ ከገጠመህ ወደ መደበኛው ይመልስልህ፣ ምክንያቱም በኦቨርክሎክ የተበላሸን ፕሮሰሰር ኢንቴልም ኤኤምዲም በዋስትና አይሸፍኑም። ያገለገለ የቢሮ ዴልና ኤችፒ ላይማ ጭራሽ አትሞክረው፣ ባብዛኛው ባዮሱም አይፈቅድም።