በቶሆ ሐይቅ የሁለት ማለዳ የባስ ዓሣ አደን፦ መሪው ግሩም፣ የሒሳቡ ነገር ግን ይታሰብበት

ባለፈው የካቲት ከባለቤቴ ወንድም ጋር ከአትላንታ ተነሥተን ፍሎሪዳ ውስጥ ከኪሲሚ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ቶሆፔካሊጋ ሐይቅ የወረድነው፣ በሕይወት ባለ ትንሽ ዓሣ እያባበለ ላርጅማውዝ ባስ የተባለውን ትልልቅ ዓሣ የሚያስጠምድ መሪ ቀጥረን ነው። ለሁለት ማለዳ ጀልባውን፣ ዘንጉንና መሪውን ጨምሮ 750 ዶላር ከፍለናል። የማጥመጃ ፈቃድ በዚህ ውስጥ አይካተትም፤ በፍሎሪዳ ሐይቆች ላይ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ማውጣት አለበት።

የአገልግሎቱ ዋና ነገር ማባበያው ነው። መሪያችን የሚጠቀመው ጎልደን ሻይነር የተባለውን ዓሣ ሲሆን፣ እርሱንም በኩሬ ከረባው ሳይሆን ከሐይቅ በመረብ ከተያዘው ይመርጣል። የሐይቁ ሻይነር ባስን ስለሚያውቅ ጠላቱ ሲቀርበው ይርበተበታል፤ ባሱን የሚያስቆጣውም ይኸው መርበትበት ነው። መሪው ሻይነሩን ከንፈሩ ላይ በመንጠቆ ወግቶ፣ ከላዩ ተንሳፋፊ አስሮ፣ ከሸምበቆው ጥግ ሲለቀው ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልነበረም። ከዚያ ተንሳፋፊው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሻይነሩ ከውኃው በላይ አንዴ ዘለለ፤ ወዲያው ተንሳፋፊው ጭልጥ ብሎ ጠፋ።

ሐዋሳ በልጅነቴ በትል ቆሮሶ ሳጠምድ የለመድሁት ገመዱ ሲሳብ መንጭቆ ማውጣትን ነበርና፣ ይህ ልማዴ ሁለት ዓሣ አስመለጠኝ። እዚህ የሚሠራበት መንጠቆ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ፣ ሲመነጨቅ ከአፉ ሾልኮ ይወጣል፤ ገመዱን ወጥሮ በዝግታ ሲጠቀልሉት ግን በአፉ ማዕዘን ላይ ራሱ ይሰካል። መሪው ይህንን ሳይሰለች፣ ሳይቆጣም ደጋግሞ አሳየኝ፤ ለትዕግሥቱ ብቻ ጉርሻ ይገባዋል።

ቅሬታዬ ይኸውና። በመጀመሪያው ቀን የተያዘልን ሦስት ደርዘን ሻይነር ገና ረፋድ ሳይሆን አለቀ፤ ተጨማሪው በደርዘን 28 ዶላር እንደሚታሰብ የሰማነውም ያን ጊዜ ሐይቁ መካከል ሆነን ነው። ሰው ከባሕር ዳርቻው ርቆ ሳለ ስለ ዋጋ መከራከር አይመቸውም፤ ከፈልን። ቀድሞ ቢነገረን ኖሮ ዋጋው ራሱ አያስከፋም ነበር፤ ከሐይቅ የሚያዝ ሻይነር ርካሽ አይደለምና።

በሁለተኛው ማለዳ ያገኘኋት ትልቋ ዓሣ 7 ፓውንድ ተኩል መዘነች። የግዛቲቱ መንግሥት ከ2012 ጀምሮ በሚያካሂደው ትሮፊካች በተባለው መርሐ ግብር የሚመዘገበው ከ8 ፓውንድ ጀምሮ ነው፤ ግማሽ ፓውንድ ጎደለኝ ማለት ነው። እንዲህ የሚገዝፉት ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው፤ ወቅቱ ደግሞ የዕንቁላል መጣያቸው ስለሆነ መሪው በእርጥብ እጁ ይዞ መዘናትና ፎቶ እንኳ በቅጡ ሳንነሣ ወደ ውኃው መለሳት። የባለቤቴ ወንድም ያን የሚያህል ዓሣ ሲለቀቅ ማየት ከብዶት ነበር፤ ዐቢይ ጾም መያዙን ሳስታውሰው ግን ዝም አለ።

ጀልባው ጥላ የለውም፤ ማለዳው ብርድ፣ ረፋዱ ፀሐይ ነውና ጃኬትና ባርኔጣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በሚመጣው ዓመት ከዚሁ መሪ ጋር ልንመለስ ተስማምተናል፤ የሻይነሩን ቁጥርና ዋጋ ግን በቴክስት ካላረጋገጠልን ቀብድ አንልክም።