ዘጠኝ ወር ከአርሲኤ ሸክላ ማጫወቻ ጋር፦ 45 ዙሩ 37 ተኩል ሆኖብኝ ነበር

አጎቴ ከዲሲ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነው። አርሲኤ ቪክተር፣ ጥቁር ባክላይት (የድሮ ደረቅ ፕላስቲክ)፣ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞር ሸክላ ብቻ የሚያጫውት። ባሕር ዳር ሽምብጥ ቤታችን ከገባ ዘጠኝ ወር ሞላው። «እንዴት ነው?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ይኸው።

መጀመሪያ ትራንስፎርመር። ዕቃው የ110 ነው፣ የኛ መብራት 220። ገበያ ወርጄ ባለሱቁ «ይችላል» ያለኝን ገዛሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ደግነቱ ማጫወቻው ተረፈ። ሁለተኛውን ስገዛ የባለሱቁን አፍ ሳይሆን ዋቱን አየሁ።

ከዚያ ጉዱ መጣ። የእናቴን የድሮ ሸክላ አስቀምጬ መርፌውን ሳሳርፍ ዘፋኙ አረቄ ቤት አድሮ የመጣ መሰለ። ድምፁ ወፍራም፣ ቃሉ ሁሉ የተጎተተ። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ምነው ልጄ፣ ሰውዬው ታሟል እንዴ?» አለችኝ። ለካ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይነካም። ሞተሩ የተሠራው ለአሜሪካ 60 ሄርዝ ነው፣ የኛ 50 ነው፣ ስለዚህ 45 መዞር የነበረበት 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። ያዳነኝ አንድ ሽማግሌ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ቶርኖ ቤት ወስዶ ለሞተሩ ዘንግ ቀጭን የነሐስ ቀለበት አሠራለት። ዘንጉ በአንድ አምስተኛ ወፈረ፣ ሸክላውም በዚያው ልክ ፈጥኖ ዞረ፣ ዘፋኙም ስካሩ ለቀቀው።

ለምን 45 ብቻ? በእልህ ነው። አርሲኤ የሚባለው የአሜሪካ የራዲዮ ኩባንያ በ1919 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፣ በ1926 ኤንቢሲ የሚባለውን የራዲዮ ጣቢያዎች መረብ መሠረተ፣ በ1929 ደግሞ ሸክላ አሳታሚውን ቪክተርን ገዛ። ራዲዮኑንም፣ በራዲዮኑ የሚሰማውንም፣ ሸክላውንም፣ ማጫወቻውንም አንድ ቤት ያዘው ማለት ነው። የሚሰማ ነገር ከሌለ ራዲዮ ማን ይገዛል? በኋላም የቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ እንዲሁ አደረጉ፤ ኤንቢሲ የቀለም ፕሮግራም ሲያበዛ ቴሌቪዥኑን የሚቸበችበው አርሲኤ ነበር። ተፎካካሪያቸው ሲቢኤስ የሚባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን መረብም ኮሎምቢያ የሚባል ሸክላ ቤት ነበረው። ኮሎምቢያ በ1948 ባለ 33 ዙሩን ረጅም ሸክላ ሲያወጣ አርሲኤ እሱን ከመቀበል በ1949 የራሱን 45 አወጣ፣ መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለው። የኔው ማጫወቻ መሐል ላይ የቆመው ወፍራም እንጨት መሳይ ነገር ለዚያ ነው። ከእናቴ ሸክላዎች ቀዳዳቸው ጠባብ የሆኑት አይገቡበትም፣ ቁም ሳጥን ላይ ተደርድረው ያዩኛል።

ድርጅቱን በ1986 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ገዝቶ በታተነው። ስሙን ግን ሁላችሁም ቤት አላችሁ፤ ከዲሽ ሪሲቨር ጀርባ ያለው ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ ገመድ አርሲኤ የሚባለው በሱ ነው።

አሁን እንዴት ነው? ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ለአንድ ክፍል የሚበቃ። ለድግስ አይሆንም። ቫልቭ (እንደ አምፖል የሚሞቅ የመስታወት ቱቦ) ስላለው ከተበራ በኋላ ትንሽ ታግሶ ነው የሚናገረው። ክረምት ላይ ከጣናው እርጥበት ይሁን ከዕድሜው እንጃ፣ ከሞተሩ ዘንግ ዙሩን ወደ ሸክላው የሚያስተላልፈው ጎማ መንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ በአልኮል ስጠርገው ተስተካከለ። መብራት ዘፈን መሐል ሲጠፋ ግን ያ ሰካራም ተመልሶ ይመጣና ቀስ እያለ ይተኛል።

መርፌው እያለቀ ነው። አጎቴ ለጥምቀት እመጣለሁ ብሏል፣ ሁለት እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ።