ስም የተለጠፈበት የድሮ ፎቶ ከመግዛታችሁ በፊት

የድሮ ፎቶ የምትሰበስቡ ወገኖቼ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ተበልቻለሁ። 8,500 ብር።

እኔ የምሰበስበው የማላውቃቸውን ሰዎች ፎቶ ነው። ፎቶ ቤት ገብተው፣ ሥዕል ባለበት መጋረጃ ፊት ቆመው የተነሱ ሰዎች። ነጠላዋን አስተካክላ እጇን ወንበር ላይ ያሳረፈች ሴት። የተዋሰው የሚመስል ሰፊ ኮት የለበሰ ወጣት። ያ ቀን ለእነሱ ትልቅ ቀን እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። ለዚህ ነው የምወዳቸው።

ባለፈው ወር አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ የባልና ሚስት ፎቶ አየሁ። ሰውየው ካባ ደርበዋል፣ ጎራዴ ታጥቀዋል። ሻጩ «ደጃዝማች ናቸው፤ ማይጨው ላይ የወደቁ። ፎቶው የ1927 ነው፤ ያነሳቸውም የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺው ቦያጂያን ነው» አለኝ። ሌላ ገዢ እየጠበቀው እንደሆነም ነገረኝ። ቸኮልኩ፤ ብሩን ላክሁ።

ፎቶው ሲደርሰኝ መሐሉ ላይ የእጥፋት መስመር አለው። ጠርዙ ቡኒ ሆኗል። ደስ አለኝ። ከዚያ በጣቴ ዳበስኩት። እጥፋቱ የለም! በዓይን ይታያል፣ በእጅ ግን ወረቀቱ ልሙጥ ነው። ዋናው ፎቶ ስካን ተደርጎ፣ ከነእጥፋቱ ከነእድፉ በፕሪንተር ወጥቷል። በማጉያ መነጽር ሳየው ፊታቸው ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ነጠብጣብ ተበትኗል። እውነተኛ የጥቁርና ነጭ ፎቶ እንዲህ ዓይነት ነጠብጣብ የለውም።

የባሰው ደግሞ ያንኑ ምስል ሌላ ቻናል ላይ ማግኘቴ ነው። እዚያ ሰውየው ፊታውራሪ ናቸው፤ ስማቸውም ሌላ ነው። ለሁለት የሞቱ ሰዎች አንድ ፊት! ይሄ ከገንዘቡ በላይ አንገበገበኝ።

ስም የሚለጠፈው ዋጋ ስለሚያንር ነው። አሜሪካ ውስጥ ቢሊ ዘ ኪድ የሚባለው ሽፍታ በቆርቆሮ ላይ የተነሳው ፎቶ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ በ2.3 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። በዚያው ዘመን ቆርቆሮ ላይ የተነሳ ማንነቱ የማይታወቅ ጎረምሳ ግን በጥቂት ዶላር ይገኛል። እኛም ጋ የቦያጂያን ስም እንዲሁ ይነገድበታል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሥራውን ቀጠሉ። ታዲያ ካባ የለበሰ ሰው ሁሉ «የቦያጂያን ሥራ» ሊባል ነው?

የቀን ነገርም አለ። ጀርባው ላይ «ጥር 1961» የተጻፈበትን ፎቶ ውጭ አገር ላለ ሰው በፈረንጅ 1961 ነው ብለው ይሸጡለታል። እውነቱ 1969 ነው። ስምንት ዓመት በነጻ ጨመሩበት ማለት ነው።

ስለዚህ ሻጩን ፎቶውን መስኮት አጠገብ አዘንብሎ በቪዲዮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ብዙ የድሮ ፎቶዎች በጎን ሲታዩ የምስሉ ጥቁር ክፍል ላይ እንደ መስታወት ብርማ ያብለጨልጫሉ። ጀርባውንም እዩ። ወረቀቱ ፕላስቲክ የተቀባ ከሆነ ከማይጨው በፊት ሊሆን አይችልም፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ገበያ ላይ የወጣው በፈረንጅ 1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ሐሰተኛ ብር መለያ መብራት ያለው ሱቅ ካወቃችሁ ውሰዱትና አብሩበት። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ካለ በፈረንጅ ከ1950ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው። ቦግ አለማለቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በዚህ እንዳትታለሉ።

«ቀብድ ላክ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ካላችሁ ተዉት፤ ይውሰደው። ስም ከነገራችሁም በምን እንዳወቀ ጠይቁት። ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ወይም ፎቶው የወጣበት አልበም ከሌለ የማይታወቅ ሰው ዋጋ ብቻ ክፈሉ።

ብሬን አልመለሰልኝም፤ ስልኬንም ዘግቶታል። ቅጂውን ግን አልጣልኩትም። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ቅጂ፣ ስማቸው የማይታወቅ» ብዬ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። እሷ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳ በግራ በኩል ተቀምጣለች፤ እሱ ቆሟል፤ ከኋላቸው መጋረጃው ላይ የተሣለ ዓምድ አለ። ዋናው ፎቶ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ካለ፣ እባካችሁ እነማን እንደሆኑ ንገሩኝ።